ዋስ የፈረመ ሰው ዕዳው እስከ የት ነው?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር ለመጽሔቱ አንባቢያን የተዘጋጀ)

  

ዛሬ የምናወጋችሁ ሁላችንም ስለምናውቀው፣ ብዙዎቻችንም ሳናስብ ስለምንገባበት ነገር ነው። ቤት ወይም ሱቅ የሚከራይ ሰው «ዋስ አምጣ» ይባላል። ዋሱ ይፈርማል። ከዚያ ተከራዩ ኪራይ መክፈል ሲያቅተው አከራዩ የዋሱን በር ያንኳኳል። ዋሱም ያን ጊዜ «እኔ ለካ ምን ላይ ነው የፈረምኩት?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ ከሩቅ ሆነን የምናነሳው አይደለም። እኛም ጠይቀነዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመስጂዳችን ጀማዓ አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ አነስተኛ ሱቅ ለአንድ ዓመት ሲከራይ ዋስ እንድንሆነው ለመነን። ኪራዩ በወር 1,500 ብር ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ ቆመን፣ ወረቀቱን በቅጡ ሳናነብ ፈረምን። ወጣቱ ሶላቱን የማያጓድል፣ እጁም የሰላ ባለሙያ ነው። «አይሆንም» ማለትም ይሉኝታ ያዘን። ዓመቱ ሲያልቅ የሁለት ወር ኪራይ አልከፈለም ነበር። አከራይዋ ታግሠው ውሉን ለተጨማሪ ዓመት አደሱለት፤ ኪራዩንም ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረጉት። ለእኛ የነገረን ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት ልጁ ታመመ፣ ሥራው ቀዘቀዘ፣ የአምስት ወር ኪራይም ተከማቸ።

አንድ ቀን ከመግሪብ በፊት አከራይዋ ቤታችን ድረስ መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከዚያ ሱቅ ኪራይ በቀር ሌላ ገቢ የሌላቸው አዛውንት እናት ናቸው። ቡና ቀረበላቸው፤ አልጠጡም። «ሼሁ፣ እኔ ልጁን አላውቀውም። ያመንኩት በእርስዎ ፊርማ ነው» አሉን። የጠየቁን 13,000 ብር ነበር።

በማግስቱ ሕግ የተማረ አንድ የጀማዓችን ወንድም ወረቀቱን አሳየነው። አገላብጦ አየውና «ኡስታዝ፣ አይጨነቁ። ፍርድ ቤት ቢቀርብ ይህ ዋስትና አይጸናም። የገንዘቡ ልክ አልተጻፈበትም» አለን። እውነቱን እንናገርና ደስ አለን። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደንም። ሰውን ሁሉ ስለ ዕዳ ስንመክር የኖርን ሰዎች በአንድ ያልተሞላ መስመር ልናመልጥ ነውን? በሌላ በኩልስ ሳንጠየቅ በታደሰው ውል የመጣው ዕዳ በእርግጥ የእኛ ነውን? በዚህ ምክንያት ኪታቦችን ገለጥን፣ የሀገራችንን ሕግም ጠየቅን። ያገኘነውን ታሪክ እነሆ እናካፍላችሁ።

ዋስትና በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን

ዋስትና ከእስልምና መምጣት በፊትም የሰው ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው። በሱረቱ ዩሱፍ የንጉሡ መስፈሪያ በጠፋ ጊዜ አዋጅ ነጋሪው ዕቃውን ለሚያመጣ የአንድ ግመል ጭነት እህል እንደሚሰጥና ለዚህም እርሱ ራሱ ዋስ እንደሆነ መናገሩ ተወስቷል። ዑለሞቻችን ለዋስትና መፈቀድ ከሚጠቅሷቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው የቁርኣን አንቀጽ ነው። እዚያ ላይ ዋስ የተባለበት ቃል «ዘዒም» ነው። ዐረቦች «ዶሚን»፣ «ሐሚል» እና «ከፊል» የሚሉ ቃላትም አሏቸው። «ከፊል» የሚለውን ልጇን ወደ ዐረብ አገር የላከች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። በዘመናችን የሠራተኛውን የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ አሠሪ ማለት ሆኗል። በፊቅህ መሠረቱ ግን ከፊል የሌላውን ሸክም በራሱ ትከሻ ላይ የጨመረ ሰው ነው።

በሐዲስ ኪታቦች ሦስት ታሪኮች ለርዕሳችን ቅርብ ናቸው።

የመጀመሪያው በኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በኩል የተላለፈና አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጃህ የዘገቡት ነው። አንድ ሰው አሥር ዲናር ያበደረውን ባለዕዳ ይዞ አልላቀቅ አለ። ወይ ይክፈል፣ ወይ ዋስ ያምጣ ነበር ጥያቄው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ዋስ ሆኑለት። ባለዕዳው በቀጠሮው ወርቅ ይዞ መጣ፤ ከየት እንዳገኘው ሲጠየቅ ከማዕድን አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያንን ወርቅ አልፈለጉትም፤ ዕዳውን እርሳቸው ከፈሉለት። እንግዲህ ዋስ የመሆንን ክብር ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ዋስ መሆን ማለት በመጨረሻ ከኪስ ማውጣት ሊሆን እንደሚችልም ታሪኩ ያሳያል።

ሁለተኛው ሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ቡኻሪ የዘገቡት ነው። የአንድ ሰው ጀናዛ ቀረበ። ሦስት ዲናር ዕዳ አለበት፤ የተወው ንብረት የለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸው እንዲሰግዱበት ነገሩና እርሳቸው ከመስገድ ታቀቡ። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን እርሳቸው እንደሚሸከሙ ሲናገሩ ነው የሰገዱበት። በሌላ ዘገባ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በማግስቱ አቡ ቀታዳን ስለ ዕዳው ጠይቀዋቸዋል፤ እፎይታቸውን የገለጹትም መከፈሉን ሲሰሙ ነው። ዋስ ሆኖ ማውራት አንድ ነገር ነው፤ መክፈል ሌላ ነገር ነው። ቆየት ብሎ ሙስሊሞች በተስፋፉና ገንዘብ በተገኘ ጊዜ፣ ዕዳ ትቶ የሚሞት ሰው ዕዳው በእርሳቸው ላይ እንደሚሆን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አውጀዋል። በግለሰብ ትከሻ የነበረው ሸክም ወደ ማኅበረሰቡ ገንዘብ ተሸጋገረ ማለት ነው።

ሦስተኛው በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ በመሰናበቻው ሐጅ ከተላለፉት መልእክቶች አንዱ ነው። አቡ ኡማማ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት የተዋሰ መመለስ፣ ዕዳ ያለበት መክፈል እንዳለበት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከተናገሩ በኋላ፣ ዋስ የሆነም ዕዳው እንደሚመለከተው አስገንዝበዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሙስሊሞች ዘንድ «ለስሙ ነው የፈረምኩት» የሚባል ነገር ቦታ የለውም።

የኢማሞቹ ክርክር

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት መቶ ዓመታት ፉቀሃዎች ጥያቄውን በዝርዝር አነሱት። አበዳሪው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማንን ነው?

በኩፋ ቃዲ የነበሩት ኢብኑ አቢ ለይላ፣ በ148 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት፣ ዋስ ከተገኘ ዕዳው ሙሉ በሙሉ ወደ ዋሱ ይዛወራል፣ ባለዕዳውም ነጻ ይወጣል ብለዋል። ይህን አቋም አብዛኞቹ አልተቀበሉትም። አቡ ሐኒፋ፣ ሻፊዒይና አሕመድ ኢብኑ ሐንበል ዋስትና ማለት አንዱን ኃላፊነት በሌላው ላይ መደረብ ነው ባዮች ናቸው። ስለዚህ አበዳሪው ከፈለገ ባለዕዳውን፣ ከፈለገ ዋሱን፣ ከፈለገም ሁለቱን ይጠይቃል። በኢማሙ ማሊክ መዝሀብ ግን የጸናው አቋም ዋሱን መጠየቅ የሚቻለው ከባለዕዳው ማግኘት ሲያስቸግር ነው የሚለው ነው። ባለዕዳው በአካባቢው እያለ፣ መክፈልም እየቻለ አበዳሪው እርሱን አልፎ የዋሱን በር አያንኳኳም። ይህ ክርክር ከአሥራ ሁለት መቶ ዓመታት በኋላ በሀገራችን የሕግ መጽሐፍ ውስጥ በሌላ ስም ተመልሶ እንደሚመጣ ወደፊት እናያለን።

ሁለተኛው ክርክር ኪራይን በቀጥታ ይነካል። ገና ላልመጣ ዕዳ፣ ልኩም ላልታወቀ ገንዘብ ዋስ መሆን ይቻላልን? ሐነፊይ፣ ማሊኪይና ሐንበሊይ መዝሀቦች ይቻላል ይላሉ። ለዚህም የዩሱፍን ታሪክ ይጠቅሳሉ፤ ዕቃው ከመገኘቱ በፊት ዋስትናው ተነግሯልና። ኢማሙ ሻፊዒይ በኋለኛው አቋማቸው ይህን አልፈቀዱም። ዋስ የሚኮንለት ዕዳ የተረጋገጠና ልኩ የታወቀ መሆን አለበት። ምክንያታቸው ሰው በማያውቀው ጥልቀት ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ ነው። በሀገራችን የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታዮች ብዙ ስለሆንን ይህን ልብ ልንለው ይገባል። በእርሳቸው መዝሀብ ጊዜው በተወሰነ ውል የተከራየ ቤት ኪራይ ከውሉ ጀምሮ በተከራዩ ላይ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ «ለአንድ ዓመት፣ በወር ይህን ያህል» ለተባለ ኪራይ ዋስ መሆን ይጸናል። «ወደፊት ለሚኖርበት ዕዳ ሁሉ» ብሎ መፈረም ግን አያዋጣም።

ዋሱ ከከፈለስ? ዋስ የሆነው በባለዕዳው ጥያቄ ከሆነና የከፈለውም በእርሱ ፈቃድ ከሆነ የከፈለውን ከባለዕዳው የመጠየቅ መብት አለው። ሳይጠየቅ በራሱ ፈቃድ ገብቶ ከፍሎ ከሆነ በሐነፊይና በሻፊዒይ ዘንድ እንደ በጎ አድራጊ ይቆጠራል፤ ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች ግን ለማስመለስ አስቦ ከከፈለ ይጠይቃል ይላሉ። በአንድ ነገር ላይ ደግሞ አብዛኞቹ ዑለሞች ይስማማሉ፤ ለዋስትናው ራሱ ክፍያ መቀበል አይፈቀድም። ዋስትና የመረዳዳት ሥራ ነውና። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም በ1985 (እ.ኤ.አ) ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ስለ ባንክ የዋስትና ደብዳቤ ሲወስን ለዋስትናው ብሎ ዋጋ መቀበልን አልፈቀደም፤ ለጽሕፈት ሥራው የወጣውን ወጪ ማስከፈልን ግን ፈቅዷል።

የቁራኛ ዘመን

ወደ ሀገራችን እንመለስ። «የዕዳ ቁራኛ»፣ «የአልጋ ቁራኛ» እንላለን። ቃሉ ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ ወጣት ግን ጥቂት ነው። በቀደመው ዘመን ዕዳውን መክፈል ያቃተው፣ ዋስም ያላገኘ ሰው ከአበዳሪው ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰር ነበር። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። አበዳሪውም በባለዕዳው ጦስ እስረኛ ሆነ ማለት ነው። ወደ ሀገራችን የመጡ መንገደኞች ይህን አይተው በመገረም ጽፈዋል፤ ልማዱ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያዎቹ ዓመታት ድረስ ቆይቷል።

ልብ በሉ፣ በኢብኑ ዐባስ ሐዲስ ውስጥ ባለዕዳውን ይዞ አልላቀቅ ያለው ሰውም የሚፈልገው ተመሳሳይ ነገር ነበር። ፉቀሃዎች ይህን «ሙላዘማ» ብለው ይጠሩታል፤ አበዳሪው ባለዕዳውን እግር በእግር መከታተሉ ማለት ነው። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ከሥራው እስካላስተጓጎለው ድረስ መከታተል ይቻላል ብለዋል። አብዛኞቹ ግን ባለዕዳው በእርግጥ ያጣ ከሆነ አይቻልም ባዮች ናቸው። የሚመሩበትም የችግረኛ ባለዕዳ መክፈያ ጊዜ እስኪያገኝ እንዲጠበቅ የሚያዘው የሱረቱል በቀራ 280ኛው አንቀጽ ነው።

ከሰንሰለቱ የሚያወጣው ዋስ ነበር። በቀድሞው የሙግት ሥርዓታችን ተሟጋቾች ዳኛ ፊት ሲቆሙ በየነገሩ ዋስ ይጠሩ ነበር። ዋስ መጥራት የቻለ ሰው ወገን ያለው ሰው ነው። ዋስ ያጣ ግን ብቻውን ነው። እኛ ዛሬ ዋስ ለሚለምነን ሰው «አይሆንም» ለማለት የምናፍረው ምናልባት ይህ ትዝታ በደማችን ውስጥ ስላለ ይሆናል። ዋስ መንፈግ ወገንን ለሰንሰለት እንደ መስጠት ነበርና።

የኦቶማኖች የሕግ መጽሐፍ ስለ ኪራይ ዋስ

በኦቶማን መንግሥት በአሕመድ ጀውደት ፓሻ የሚመራ የዑለሞች ቡድን የሐነፊይ መዝሀብን የንግድና የውል ሕጎች በአንቀጽ እየከፈለ መጻፍ ጀመረ። ሥራው ከ1869 እስከ 1876 (እ.ኤ.አ) ድረስ በ16 መጽሐፎች ወጣ። «መጀለቱል አሕካሚል ዐድሊያ» ይባላል፤ በአጭሩ መጀላ። አንደኛው መጽሐፍ ስለ ሽያጭ፣ ሁለተኛው ስለ ኪራይ፣ ሦስተኛው ስለ ከፋላ ነው። የኦቶማን መንግሥት ከፈረሰ በኋላ እንኳ በኢራቅ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በዮርዳኖስ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ሲሠራበት ቆይቷል።

እኛን ያስገረመን መጀላው ስለ ኪራይ ዋስ ለብቻው አንድ አንቀጽ መያዙ ነው። ይዘቱ በእኛ አነጋገር እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ጊዜው ለተወሰነ ኪራይ ዋስ ከሆነ የኪራዩ ጊዜ ሲያልቅ ዋስትናውም ያልቃል። ከዚያ በኋላ በዚያው ቤት ላይ አዲስ ውል ቢደረግ ያ የቀድሞ ዋስትና አዲሱን ውል አያጠቃልልም።

ይህን ስናነብ ወረቀታችንን አነሳን። የመጀመሪያው ዓመት የሁለት ወር ውዝፍ 3,000 ብር፤ የሁለተኛው ዓመት የአምስት ወር ውዝፍ 10,000 ብር። ዑለሞቹ በመካከላቸው መስመር አስምረዋል። በጊዜው ውስጥ ለመጣው ዕዳ ዋሱ እስከ መጨረሻው ተጠያቂ ነው፤ ዋስትናው ካለቀ በኋላ ለመጣው ግን አይጠየቅም። ዋስትናው በማለቁም በጊዜው ውስጥ የመጣው ዕዳ አይሰረዝም።

መጀላው ሌላም ነገር አስቀምጧል። ወደፊት ለሚመጣ ዕዳ ዋስ የሆነ ሰው ዕዳው ከመምጣቱ በፊት ከዋስትናው መውጣት ይችላል፤ ዕዳው ከመጣ በኋላ ግን መውጫ የለውም። ለምሳሌ «ለዚህ ሰው ዕቃ ብትሸጥለት ዋጋውን እኔ እሰጣለሁ» ያለ ሰው ሽያጩ ከመፈጸሙ በፊት ቃሉን ሊያነሳ ይችላል። ይህ ዋሱንም ሻጩንም ይጠብቃል፤ ሻጩ ዋስ እንደሌለው ካወቀ ዕቃውን በዱቤ ከመስጠቱ በፊት ያስብበታልና።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ

በሀገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቦታ አግኝተዋል። በ1936 (እ.ኢ.አ) የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 የቃዲዎችንና የናኢባ ምክር ቤቶችን ሥልጣን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሳሰሉት ላይ ወሰነ። በ1992 የወጣው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188ም ዳኝነቱን በዚያው ክልል ውስጥ፣ በባለጉዳዮች ፈቃድ ላይ አቆመው። ስለዚህ የኪራይና የዋስትና ክርክር የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ወንድሞችና እህቶች ይህን እንዲያውቁ እንፈልጋለን።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው ነው። በሚያዝያ 1952 ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ስለ ዋስትና የሚናገረው ክፍል ከአንቀጽ 1920 ይጀምራል። ለተራው ሰው አራት ነገሮች ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ ዋስትና በግምት አይወሰድም፤ በግልጽ መነገር አለበት። በጽሑፍ መሆን፣ ምስክሮችም ሊፈርሙበት ይገባል። የዕዳ ውል እንዲጻፍና ሁለት ምስክር እንዲቆምበት የሚያዘውን የሱረቱል በቀራ አንቀጽ ለሚያውቅ ሙስሊም ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ሁለተኛ፣ በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ይህ የኢማሙ ሻፊዒይን ስጋት የሚያስታውስ ነው።

ሦስተኛ፣ ዋሱ ከባለዕዳው በላይ ኃላፊነት አይሸከምም። ተከራዩ የማይጠየቅበትን ዋሱ አይጠየቅም።

አራተኛ፣ የዋስ ዓይነት ሁለት ነው። ወረቀቱ ላይ ዋሱ ከባለዕዳው ጋር «በአንድነትና በነጠላ» ኃላፊ ነው የሚል ቃል ከተጻፈ አከራዩ ተከራዩን ሳይጠይቅ በቀጥታ ዋሱን መክሰስ ይችላል። ይህ ከአብዛኞቹ ኢማሞች አቋም ጋር ይቀራረባል። እንዲህ ዓይነት ቃል ካልተጻፈ ዋሱ ተራ ዋስ ነው፤ ክሱ እንደቀረበበት ወዲያው ካነሳው «መጀመሪያ የባለዕዳው ንብረት ይታይ» ብሎ መከራከር ይችላል። ይህ ደግሞ ከማሊኪዮቹ አቋም ጋር ይገናኛል። ዋሱ ከከፈለ በኋላ በአከራዩ ቦታ ተተክቶ ተከራዩን ይጠይቃል።

ከዚህ ሕግ በኋላ የሀገራችን የኪራይ ታሪክ ብዙ መልክ ለውጧል። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ብዙ ሰው የቀበሌና የመንግሥት ቤት ተከራይ ሆነ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ጊዜውም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደነገገ። ውሉ የሁለት ዓመት ከሆነ ዋስ የሚሆን ሰው ሁለት ዓመት እንደሚጠብቀው ማወቅ አለበት።

እኛ ምን አደረግን?

እንግዲህ ሁለት መልስ በፊታችን ነበር። በሀገሪቱ ሕግ የገንዘቡ ልክ ስላልተጻፈ ምንም አንጠየቅም። አከራይዋ እንዳሰቡት ከሆነ ደግሞ 13,000 ብር ሙሉውን እንከፍላለን።

ሕጉ ዋሱን ከማያውቀው ዕዳ ለመጠበቅ ያንን መስመር አስቀመጠ። እኛ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ዕዳ እናውቀው ነበር። ወሩም ዋጋውም ተነግሮናል። በአራቱም መዝሀብ ብንሄድ ያ ዋስትና የሚጸና ነው። በማሊኪዮቹ እንኳ ብንሄድ ልጁ ከስፌት መኪናው በቀር የሚሸጥ ነገር አልነበረውም፤ እርሱን መሸጥ ደግሞ ጭራሹን እጁን መቁረጥ ነው። ስለዚህ 3,000 ብሩ በአላህ ፊት የእኛ ዕዳ ነው ብለን አመንን። ለቤት ካስቀመጥነው አውጥተን ከፈልን። በዚያ ወር ቤታችን ውስጥ የጎደለ ነገር ነበር፤ የቤታችን ሰው ግን አንድ ቃል አልተናገረችም፣ አላህ ይመንዳት።

የሁለተኛውን ዓመት ገንዘብ ግን ዋስ ያልሆንበት ዕዳ መሆኑን ለአከራይዋ በአክብሮት ነገርናቸው። መጀመሪያ ተቀየሙ። «እኔ ግን የሼሁ ስም አለ ብዬ ነው ያደስኩለት» አሉ። ይህ ንግግራቸው እስከ ዛሬ ይከነክነናል። በእኛ ላይ ሕጋዊ ዕዳ ባይሆንም በስማችን ምክንያት የመጣ ጉዳት ነበርና። ስለዚህ ሽማግሌዎች ጠርተን ልጁንና እርሳቸውን አስቀመጥን። አከራይዋ የሁለት ወሩን ተዉለት። ከጀማዓው ነጋዴዎች ዘካ የሚያወጡ ወንድሞች ለልጁ የዕዳውን ከፊል ሰጡት፤ በዕዳ የተያዙ ሰዎች በሱረቱ ተውባ ከተጠቀሱት ስምንቱ የዘካ ባለመብቶች መካከል ናቸውና። ቀሪውን በየወሩ እየከፈለ ጨረሰ። የእኛንም 3,000 ብር በጥቂት በጥቂቱ መለሰልን፤ የመጨረሻውን 400 ብር ያመጣው ከዒድ በፊት ነበር። አልሐምዱሊላህ።

ሌላ ሐዲስም አለ። ቀቢሳ ኢብኑ ሙኻሪቅ (ረ.ዐ) የሰው ዕዳ ተሸክመው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ በመጡ ጊዜ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሶደቃ እስኪመጣ እንዲጠብቁ፣ ከእርሱም እንደሚያዙላቸው ነገሯቸው። ልመናን ከተፈቀደላቸው ሦስት ሰዎች አንዱ የሌላውን ዕዳ የተሸከመ እንደሆነም አስተማሯቸው፤ የተሸከመውን ያህል እስኪያገኝ ድረስ ብቻ። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል። ዋስ ሆኖ የተጎዳን ወንድም «ማን ፈርም አለህ?» ብለን የምንሳለቅ ሰዎች ከዚህ ልንማር ይገባል።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ «ዋስ አትሁኑ» አንልም። አቡ ቀታዳ ዋስ ባይሆኑ ያ ጀናዛ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት ባመለጠው ነበር። የምንለው አውቃችሁ ሁኑ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን ተቀምጣችሁ አንብቡ። ጊዜውንና የገንዘቡን ልክ አስጽፉ፤ ተራ ዋስ ናችሁ ወይስ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል አለበት፣ እርሱን እዩ። ቅጂ ያዙ። ተከራዩን በየወሩ «ከፈልክ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ነውር የለውም። አከራይ የሆናችሁ የአንድ ወር ኪራይ ሲዘገይ ለዋሱ ንገሩ፤ ውል ስታድሱም ዋሱን ጥሩት፣ ፈቃደኛ ካልሆነ ያለ ዋስ እያከራያችሁ መሆኑን እወቁት። ተከራይ የሆናችሁ ደግሞ ችግር ሲመጣ ከዋሳችሁ አትደበቁ። እርሱ ስለ እናንተ ስሙን ያስያዘ ሰው ነው።

እኛም ከዚያ ወዲህ ለሁለት ሰዎች ዋስ ሆነናል። ሁለቱንም ወረቀቶች ተቀምጠን አነበብናቸው፤ የገንዘቡንም ልክ በፊደልና በአኃዝ አስጻፍን። አንደኛው ተከራይ «ኡስታዝ፣ አላመኑኝም እንዴ?» ብሎን ነበር። «ስለማምንህ ነው የምፈርመው፤ ስለምፈርም ነው የማነበው» አልነው።

አላህ ዕዳ ያለባቸውን ወንድሞችና እህቶቻችንን ያግራላቸው፤ ለሌላው ሲሉ የተሸከሙትንም ከማያውቁት በር ይካሳቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።